ለሃርሞኒካዬ የትኛውን ዲሌይ ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው። አራቱም ስለ ሃርሞኒካና ስለ ዲሌይ ፔዳል፣ ማለትም የነፋነውን ድምፅ ትንሽ አዘግይቶ እንደ ማሚቶ ስለሚመልሰው በእግር የሚበራ ዕቃ ይጠይቃሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ሃርሞኒካ ኪስ ውስጥ ስለምትገባ ብዙ ሰው እንደ ልጅ መጫወቻ ያያታል፣ በማይክና በስፒከር ስትወጣ ግን ሳክስፎን አጠገብ ሳታፍር የምትቆም መሣሪያ ናት። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ሰላም ጋሼ። ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ባንድ አለን፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም። እኔ ሃርሞኒካ ነው የምነፋው። ማይኬ ተራ የዘፋኝ ማይክ ነው፣ በሚክሰር በኩል ወደ ሞንታርቦ ይገባል። ድምፄ ደረቅ ሆኖብኛል። ዩቲዩብ ላይ የማያቸው ተጫዋቾች ግን ድምፃቸው ከኋላቸው እየተከተለ ይመጣል፣ ዲሌይ ፔዳል ነው ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ስለሆነ አንድ ላስመጣ ብዬ ዝርዝሩን ሳይ ዞረብኝ። አንዱ 300 ሚሊ ሰከንድ ይላል፣ አንዱ 620፣ አንዱ አናሎግ፣ አንዱ ዲጂታል። ገንዘቤ ትንሽ ናት። የቱን አምጣልኝ ልበለው?

መልስ፦

አብሽር። ባጭሩ፣ ሦስት ማዞሪያ ብቻ ያለው፣ የሚመልሰው ድምፅ ደብዘዝ የሚል ቀላል ዲሌይ ይበቃሃል። ደግነቱ ርካሾቹም እነሱ ናቸው። ለልጁ ከመደወልህ በፊት ግን ሁለት ነገር እንይ።

መጀመሪያ ሚክሰራችሁን ጠጋ ብለህ እየው። ቁጥር እየመረጠ የሚዞር አንድ ማዞሪያ፣ አጠገቡም የኢፌክቶች ዝርዝር የተጻፈበት ከሆነ፣ ኢፌክት ውስጡ አለ ማለት ነው። ከዝርዝሩ መሃል ዲሌይ ወይም ኤኮ የሚል አይጠፋም። እሱን ከፍተህ ሁለት ሳምንት ልምምድ ላይ ንፋበት። ከበቃህ ገንዘብህ ኪስህ ቀረ። የሚክሰሩ ኢፌክት ችግሩ ሌላ ነው፦ መሃል ዘፈን ላይ በእግርህ ማጥፋትና ማብራት አትችልም፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ጊዜውን እንደ ልብህ ማሳጠርና ማስረዘም የለም። ይሄ ካስቸገረህ ያኔ ፔዳል ያስፈልግሃል።

ሁለተኛው ማይክህ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው። የዘፋኝ ማይክ፣ ለምሳሌ ሹር ኤስኤም58፣ ሎው ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ሲግናል ያለው መቋቋም አነስተኛ) የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከሚክሰር ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ነው የተሠራው። ፔዳል ግን ለኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራ ዕቃ ነው። መግቢያው ሃይ ኢምፒዳንስ ነው፣ ጠንከር ያለ ሲግናልም ይጠብቃል። ማይክህን በተራ ገመድ ፔዳሉ ላይ ብትሰካው ድምፅ ይወጣል፣ ግን ቀጭንና ደካማ ይሆናል፤ ከፍ ልታደርገው ስትል ሹሹታው አብሮ ከፍ ይላል። ከዚያ "ፔዳሉ የማይረባ ነው" ትላለህ። ፔዳሉ ምንም አላጠፋም።

መፍትሔው የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ትንሽ ትራንስፎርመር ናት። በአንድ በኩል የማይኩ ገመድ ይሰካባታል፣ በሌላ በኩል የጊታር ጃክ ይወጣል። ልጁን "የማይክ ኢምፒዳንስ ትራንስፎርመር" ብለህ ላከው። ስትታይ ግን ከተራው የጃክ መቀየሪያ ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነች ይሸወዳል። ተራው መቀየሪያ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። ትራንስፎርመሯ ብረትና በብረቱ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን መዳብ ስላላት እጅ ላይ ስትይዛት ከመጠኗ በላይ ከበድ ትላለች። ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ያመዛዝን በለው። ከፔዳሉ ጋር አብራ ካልመጣች ፔዳሉንም ባያመጣው ይሻላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ዲሌይ የገደል ማሚቶ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከትልቅ ግድግዳ 20 ሜትር ርቀህ ብታጨበጭብ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ 40 ሜትር ይጓዛል፣ ይሄ 120 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። 60 ሜትር ብትርቅ 350 ይሆናል። 620 የሚለው ፔዳል ከ100 ሜትር በላይ ርቆ እንደ ቆመ ገደል ነው። ጦሳ ተራራ ግርጌ ያደገ ሰው ይሄን በጆሮው ያውቀዋል። ልጅ ሆነን ተራራውን ስንጣራው፣ ስም ጠርተን ጨርሰን ዝም ካልን በኋላ ነበር የሚመልስልን። ለጥሪ ያ ርቀት ያምራል። ለሃርሞኒካ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያምረው የ20 ሜትሩ ግድግዳ ነው።

ያ አጭር ማሚቶ ስላፕባክ ይባላል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስቱዲዮዎች የሚሠሩት በቴፕ ነበር። ቴፑ መጀመሪያ በመቅጃው ራስ ያልፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በማጫወቻው ራስ። ቴፑ በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር እየሄደ ሁለቱ ራሶች 5 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በመካከላቸው 130 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይገኛል። ደግሞም ከካሴት ካሴት የገለበጠ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ቴፕ በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ እየጠፋ ይሄዳል። የሚመለሰው ድምፅ ደብዘዝ የሚለው ለዚያ ነው። ይሄ ጉድለት ለሃርሞኒካ በረከት ሆነ። ሃርሞኒካ በማይክ ስትወጣ መሃሉና ቀጭኑ ድምፅ ስለታም ነው። ማሚቶውም እንደዚያው ስለታም ሆኖ ከተመለሰ ከአንተ ጋር ይጋፋል፤ ደብዘዝ ካለ ግን ከኋላህ ይቆማል።

አናሎግ የሚባሉት ፔዳሎች ይሄን ጣዕም ይሰጣሉ። ውስጣቸው ያለው ቺፕ በ1969 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ ላቦራቶሪ የተፈጠረ ሐሳብ ነው፤ ሰዎች ተሰልፈው ውሃ በባልዲ እንደሚቀባበሉት ድምፁን ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀባበለ ያሳልፈዋል። ቅብብሉ የሚፈጥረውን ጫጫታ ለመደበቅ ሠሪዎቹ ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጡታል። ዲጂታሉ የነፋኸውን ልክ እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል፣ ትንፋሽህንና ጣትህ ማይኩን ሲነካ የሚሰማውን ኮሽታ ጨምሮ። በሦስተኛ ደረጃ ያሉት፣ አንተ ዝርዝር ላይ በብዛት የምታገኛቸው፣ ፒቲ2399 የሚባል ለካራኦኬ ኤኮ የተሠራ ቺፕ የገባባቸው ርካሽ ፔዳሎች ናቸው። ካርቶናቸው አናሎግ ቢልም ውስጡ ዲጂታል ነው። አይክፋህ፣ ድምፁ ደብዘዝ ስለሚል ለኛ ይስማማናል። ብቻ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ሹሹታው ይጨምራል፣ ድምፁም ይቆሽሻል። ስለዚህ 620 የሚለው ቁጥር አይማርክህ፤ የምትጠቀመው ከ350 በታች ያለውን ነው።

በስም ልንገርህ። በህሪንገር ቪዲ400 አናሎግ ነው፣ እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይሄዳል፣ ለሃርሞኒካ ደግሞ 300 ይበቃል። ሳጥኑ ፕላስቲክ ነውና በጫማ ተረከዝ አትምታው። ዶነር የሎው ፎል ቢጫዋ ትንሽ ፔዳል ናት፣ ከ20 እስከ 620፤ ሳጥኗ ብረት ነው፣ ባትሪ ግን አትቀበልም። ጆዮ ጄኤፍ-33 ከ25 እስከ 600 ነው። ከነዚህ ከሦስቱ ያገኘውን ያምጣ። ኤምኤክስአር ካርበን ኮፒ ከሁሉም ይጥመኛል፣ ድምፁ እንደ ቅቤ ነው፣ ዋጋው ግን የቢጫዋን ሦስት አራት እጥፍ ስለሆነ ለጀማሪ ባንድ አልመክርም፤ ልዩነቱን በሞንታርቦ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ቦስ ዲዲ-3 በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ዲጂታል ነው፣ እስከ 800 ይሄዳል፣ ብረት ለበስና የማይሞት ዕቃ ነው። ሰው ያገለገለውን በርካሽ ከሸጠልህ ውሰደው፣ አዲሱን ለመግዛት ግን ገንዘብ አታፍስ። በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ሎን ዎልፍ የሚባል ድርጅት ለሃርሞኒካ ብቻ ብሎ የሠራው ዲሌይም አለ። ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያ ግን አያስፈልግህም።

ፔዳሉ ሲመጣ ድጋሚውን፣ ማለትም ስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚወስነውን ማዞሪያ፣ ዝቅ አድርገው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይመልስ። ጊዜውን ደግሞ በአፍህ ለካ። ማይኩ ላይ "ታ" በል። "ታታ" ብሎ ተጣብቆ ከመጣ አጭር ነው፣ "ታ" ካለ በኋላ ቆም ብሎ ሌላ "ታ" ካለ ረጅም ነው፤ የምትፈልገው በፍጥነት በር ሲንኳኳ የሚሰማውን "ታ-ታ" ነው። የማሚቶውን መጠን ከምንም ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር። እየነፋህ ማሚቶውን ለብቻው ለይተህ ከሰማኸው በዝቷል። ስታጠፋው የሆነ ነገር የጎደለህ ከመሰለህ ግን ልኩ ላይ ነህ።

መመሪያ ስታነብ አንድ ነገር እንዳያሳስትህ። ማዞሪያውን "9 ሰዓት ላይ አድርግ" ሲሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ላይ 9 ቁጥር ያለበት፣ በግራ በኩል፣ እኛ 3 ሰዓት የምንለው ቦታ ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ለወራት ማዞሪያዎቹን በተቃራኒው እያዞረ ፔዳሉን ሊሸጠው ደርሶ ነበር።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

እንደምን አለህ። ሃርሞኒካና ክራር እጫወታለሁ፣ በሠርግም እንጠራለን። ፔዳል ከገዛሁ ሁለት ወር ሆነኝ። የገጠምነው ከሚክሰሩ አክስ (ድምፅን ወደ ሌላ ዕቃ ከሚልከው መውጫ) ወጥቶ በሌላ ቻናል እንዲመለስ ነው። ፔዳሉ ሲጠፋ ሰላም ነው፣ ሲበራ ሞንታርቦው ያፏጫል። ባለፈው ሙሽሮቹ ሲገቡ ጮኸና ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ ሙሽራ ሲገባ መጮኹ እንዴት እንደሚያሳቅቅ ይገባኛል። መጀመሪያ አንድ ማዞሪያ ተመልከቺ። ፔዳሉ የሚመለስበት ቻናል ላይ ያው አክስ ተከፍቶ ከሆነ፣ ከፔዳሉ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ፔዳሉ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ጩኸት ይሆናል። በማይክሽ ቻናል ላይ አክሱ ይከፈት፣ በመመለሻው ቻናል ላይ ግን ዜሮ ይሁን። እንዳየሁት በዚህ መንገድ ከገጠሙ አሥር ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይቺ አንዲት ማዞሪያ ናት። አክሱንም በኃይል አትክፈቺው፤ የፔዳሉ መግቢያ ለጊታር የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሲገባበት ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

እሷ ደህና ከሆነች ደግሞ የፔዳሉን ድጋሚ ማዞሪያ እዪ። ዲሌይ ላይ ድጋሚው ወደ ጥግ ሲጠጋ ማሚቶው መቀነሱን ትቶ እየጨመረ ይሄዳል፣ ማንም ሳይነፋ በራሱ ያጓራል። ከግማሽ በላይ አታሳልፊው።

ከዚያ የሚቀረው እጅሽ ነው። ሃርሞኒካ ስንነፋ ማይኩን በሁለት እጃችን ሸፍነን እንይዘዋለን፣ ያ ወፍራም ድምፅ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ነገር ግን የዘፋኝ ማይክ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የማይሰማው ከወንፊቱ ሥር ባሉት ትንንሽ ክፍተቶች ምክንያት ነው። መዳፍሽ እነሱን ሲደፍናቸው ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ሞንታርቦውንም ጭምር። ዲሌዩ ሲበራ ያው ድምፅ በላይ በላዩ ስለሚደመር መጀመሪያ የሚጮኸው ያኔ ነው። ስለዚህ አጠቃላይ ድምፅሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊ፣ ሞንታርቦዎቹ ከፊትሽ ወደ ሕዝቡ ይዙሩ፣ አንቺ ከኋላቸው ቁሚ። ለራስሽ የምትሰሚበት ሞኒተር ካለ ዲሌዩ ወደሱ አይግባ። ራስሽን በደረቁ ስሚ፣ ማሚቶው ለሕዝቡ ይሂድ።

አምፕ ተጠቅመሽ ድምፁን እያደመቅሽ የምትነፊ ከሆነም ልብ በይ። ዲሌዩ ከአምፑ በፊት ሲገባ፣ አምፑ ጠንካራውን ድምፅ ጨፍልቆ ደካማውን ከፍ ስለሚያደርግ ማሚቶው ካሰብሽው በላይ ፊት ይወጣል። ቤት ውስጥ በቀስታ ያስተካከልሽው መጠን መድረክ ላይ እጥፍ ይመስልሻል። ቤት ካስተካከልሽው ላይ ግማሹን ቀንሰሽ ጀምሪ።

አዳራሹንም አትርሺ። አንድ ጊዜ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ስሠራ ለሃርሞኒካው ዲሌይ ከፍቼ ነበር። ወንበሩ ገና ባዶ ነው። የምንሰማው ዜማ ሳይሆን አንድ ላይ የተቦካ ነገር ነበር፤ አዳራሹ ራሱ ሁለት ሰከንድ በሚቆይ ማሚቶ ይመልሳል፣ ፔዳሉ ደግሞ በላዩ። አጥፍተነው ነፋንና አማረ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ስትደርሺ መሃል ላይ ቆመሽ አንዴ አጨብጭቢ። ጭብጨባው ከተከተለሽ ፔዳሉን ከቦርሳው አታውጪው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ፣ ሌላ አንባቢ

ሁለት አጫጭር ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለፔዳሌ አዳፕተር አጣሁ። የዋይፋይ ራውተሬ አዳፕተር ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ልጠቀምበት? ሁለተኛ፣ እዚህ ደህና የምትነፋ ሃርሞኒካዬ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ለሊት ላይ ስነፋ አንዳንድ ድምፆች እምቢ ይሉኛል። በፔዳሉ ነው በሃርሞኒካዋ?

መልስ፦

የራውተሩን አትሰካው! ጫፉ ስለገባ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ይፈልጋሉ፣ መሃሉ ኔጌቲቭ ዙሪያው ፖዘቲቭ ሆኖ። የብዙ ራውተር አዳፕተር ደግሞ 12 ቮልት ነው፣ መሃሉም ፖዘቲቭ ነው። ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ። አዳፕተሩ ላይ ክብ ምልክት አለ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ፣ ከግራና ከቀኝ መስመር፣ ጫፋቸው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ነጥቡ ከመቀነሱ ጋር የተያያዘውን ነው የምትፈልገው። ፔዳልህ ላይም ያው ሥዕል ከመሰኪያው አጠገብ ታትሟል፣ አመሳስል። ከፓወር ባንክ 9 ቮልት አውጥቶ ራውተር የሚያሠራው ገመድም ብዙውን ጊዜ እንደ ራውተሩ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ለመጫወት ካሰብክ፣ አናሎግ ፔዳል ጥቂት ስለሚጠጣ ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ ሙሉ ምሽት ያሠራዋል፣ የባትሪ ቦታ ካለው። ስትጨርስ ግን ገመዱን ከመግቢያው ንቀል፤ ተሰክቶ ካደረ ፔዳሉ ጠፍቶም ቢሆን ባትሪው ያልቃል።

ሁለተኛው የፔዳሉ ጉዳይ አይደለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ደሴ ብርድ ነው። ሃርሞኒካዋ ስትቀዘቅዝ የትንፋሽህ እርጥበት የብረት ምላሶቹ ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠራል፣ ምላሱ ይያዛል። ከመንፋትህ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል የደረት ኪስህ ውስጥ፣ ከጃኬቱ ሥር ያዛት። ከተያዘች መዳፍህ ላይ በቀዳዳዎቿ በኩል መታ መታ አድርጋት፣ ውሃው ይወርዳል። በምንም ዓይነት እሳት አጠገብ እንዳታስጠጋት።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ልጄ፣ ዕድሜዬ 67 ነው። ሃርሞኒካ የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ባለ 10 ቀዳዳዋን ነው የምነፋው፣ ትዝታና አምባሰል። የልጅ ልጄ ፔዳል ገዝቶ ከትንሽ ስፒከር ጋር ገጠመልኝ። ትዝታ ስነፋበት በጣም ያምራል፣ ልቤ ይሸበራል። አምባሰል ላይ ግን ድምፁ ይጣላብኛል፣ የተሳሳትኩ ይመስለኛል። ጥፋቱ የኔ ነው የዕቃው?

መልስ፦

አባቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎም የዕቃውም አይደለም። ጆሮዎ ትክክል ነው የሰማው። ደብዳቤዎን ሳነብ ሃርሞኒካዬን አንስቼ ሞከርኩት፣ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ነገሩ ቅኝቱ ውስጥ ነው። ትዝታ ሜጀርን ሲነፉ ቀዳዳዎቹ እንዲህ ይሄዳሉ፦ 4 ንፋ፣ 4 ሳብ፣ 5 ንፋ፣ 6 ንፋ፣ 6 ሳብ፣ 7 ንፋ። በነዚህ መካከል የትም ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከሁሉ የጠበበው እርምጃ፣ የለም፤ አንዱ ከሌላው ቢያንስ አንድ ሙሉ ድምፅ ይርቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ያለፈውን ድምፅ ይዞ በሚቀጥለው ላይ ሲደርብብዎ አይጋጩም። አንድ ቤት የተቀመጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ እርስዎ አንዱን ሲነፉ ሌላው ከኋላ እያንጎራጎረ ያጅብዎታል። ልብዎ የተሸበረው ለዚያ ነው። ባቲ ማይነርም እንደዚሁ ነው፣ ከ4 ሳብ ተነስተው 5 ሳብ፣ 6 ንፋ፣ 6 ሳብ፣ 7 ንፋ፣ 8 ሳብ ቢሉ ዲሌዩ በደንብ ይቀበልዎታል።

አምባሰል ሌላ ነው። 5 ንፋ፣ 5 ሳብ፣ 6 ሳብ፣ 7 ሳብ፣ 7 ንፋ፣ 8 ንፋ። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ አለ፣ 5 ላይና 7 ላይ። ሁለቱም ደግሞ በአንድ ቀዳዳ ላይ ትንፋሽ በመቀየር ብቻ የሚመጡ ናቸው። እርስዎ 5ን ነፍተው ወዲያው ሲስቡ፣ የተነፋው ገና በፔዳሉ ውስጥ እየተመላለሰ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሙ ይፋጫሉ። አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ያቺ ጠባብ እርምጃ ናት፣ በክራርም በማሲንቆም ልብ የምትነካው እዚያ ጋ ነው። አንድ ድምፅ ብቻዋን ስትመጣ ነው የምታምረው እንጂ ሌላው ሲደረብባት አይደለም።

ስለዚህ ለሁለቱ ቅኝት ሁለት አቀማመጥ ይያዙ። ለትዝታ ጊዜው ረዘም ይበል፣ 350 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመልስ። ዘገም ብለው ስለሚነፉት ቦታ አለው። ለአምባሰል ጊዜውን ወደ 100 እና 120 ያሳጥሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይመልስ፣ መጠኑም ዝቅ ይበል። ያኔ ማሚቶው ከመከተል ይልቅ ድምፁን ያወፍረዋል፣ ትንፋሽ ሲቀይሩም አብሮ አልቆ ይደርሳል። የልጅ ልጅዎ ማዞሪያዎቹ ዙሪያ በነጭ ቀለም ወይም በጥፍር ቀለም ሁለት ሁለት ነጥብ ያድርግልዎ፣ አንዷ ለትዝታ አንዷ ለአምባሰል። በመነጽር ቁጥር ከመፈለግ ያድንዎታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእጅዎ ይምጣ። 5 እና 7 ላይ ሲደርሱ ትንፋሹን ከመቀየርዎ በፊት ለአፍታ ያህል ያቋርጡት፣ እንደ ጭረት። ማሚቶው በዚያች ክፍተት ውስጥ ይገባና ያልፋል። እኔ ስሞክረው መጀመሪያ ላይ ዜማው የተቆራረጠ መሰለኝ፣ ደጋግሜ ስነፋው ግን እንደ ለቅሶ ሆነ፣ ለአምባሰል ደግሞ ያ ይስማማዋል።

ዜማውን ሲጨርሱ ፔዳሉን ወዲያው በእግርዎ አይርገጡት። ርካሾቹ ብዙዎቹ ሲጠፉ የጀመሩትን ማሚቶ መሃል ላይ ቆርጠው ነው የሚያቆሙት። የመጨረሻውን ድምፅ ነፍተው ሃርሞኒካዋን ከከንፈርዎ ያውርዱ፣ ዝም ይበሉ፣ ከስፒከሩ የሚመለሰው ሁለቴ ሦስቴ ብሎ እስኪጠፋ ይጠብቁት። ከዚያ በኋላ ያጥፉት።